በሰማይ ላይ ያለችው ማድ ቤት፤ የመንገደኛ አይሮፕላን የማድ ቤት ዕቃዎች ስለ ምን በግዴታ ይመረመራሉ?

የሰው ልጅ በሄደበት ሁሉ እሳቱና ውኃው ተከትለውት ይሄዳሉ። ነጋዴው በበቅሎ ሲጓዝ ስንቁን በአገልግል፥ መርከበኛውም ባሕር ሲሻገር ምድጃውን በመርከቡ ሆድ ይዞ እንደ ተጓዘ ሁሉ፥ የዛሬው የአየር መንገደኛም ከምድር ዐሥር ሺሕ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ትኩስ ምግብና ትኩስ ቡና ይቀርብለታል። ይህ ሥልጣኔ ያመጣው በጎ ነገር ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እሳትና ውኃ፥ ኤሌክትሪክና ቅባት፥ ምግብና ጥራጊ በአንድ ጠባብ ስፍራ ሲሰበሰቡ ሕመምና አደጋ ከደጃፉ ቆመው እንደሚጠብቁ የጤና ጥበቃ ትምህርት ያስረዳናል። በምድር ላይ ባለ ማድ ቤት እሳት ቢነሣ ሰው በበሩ ይወጣል፤ ጎረቤትም ውኃ ይዞ ይደርሳል። በሰማይ ላይ ግን በሩ አይከፈትም፤ የሚደርስም ጎረቤት የለም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፥ «የጤና መሥሪያ ቤት ስለ አይሮፕላን ምን አገባው? ይህስ የመሐንዲሶች ጉዳይ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ የማድ ቤት ዕቃ ጉድለት መጀመሪያ የሚነካው የሰውን አካል ነው። ያልተቀረቀረ ጋሪ አጥንት ይሰብራል፤ ያልጸዳ ምድጃ በጢስ ያፍናል፤ የውኃ ጋኑ ያልታጠበ እንደ ሆነ አንጀት ይታመማል፤ ማቀዝቀዣው ያልቀዘቀዘ እንደ ሆነ ምግቡ መርዝ ይሆናል። ከዚህም በላይ ሕመም የአገር ወሰን አያግደውም። በ1944 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ14ኛው አንቀጹ ኮሌራ፥ ተስቦ፥ ፈንጣጣ፥ ቢጫ ወባና ወረርሽኝ የሆነው የአይጥ በሽታ በአየር ጉዞ እንዳይዛመቱ መንግሥታት እንዲጠነቀቁ ያዛል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። እንግዲህ ጤናና በረራ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው የተጻፉ ጉዳዮች ናቸው።

ማድ ቤቲቱ ምን ትመስላለች?

ጋሊ ተብላ የምትጠራው የአይሮፕላን ማድ ቤት ከአንድ ቁም ሣጥን እምብዛም የማትበልጥ ጠባብ ስፍራ ናት። በውስጧ የተዘጋጀ ምግብ የሚሞቅባቸው የኤሌክትሪክ ምድጃዎች፥ የውኃ ማፍያና የቡና ማፍያ ዕቃዎች፥ ማቀዝቀዣ፥ የፍሳሽ ገንዳ፥ የቆሻሻ ሣጥን፥ ምግብና መጠጥ የተሞሉ ባለ መንኰራኵር ጋሪዎችና ብዙ መሳቢያዎች ይገኛሉ። ምግቡ እዚያ አይበሰልም፤ በምድር ባለ ትልቅ ማድ ቤት ተበስሎ፥ ቀዝቅዞና ታሽጎ መጥቶ በሰማይ ይሞቃል እንጂ።

ስለዚህች ማድ ቤት አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አይሮፕላኑ እጅግ ከፍ ብሎ ሲበር የመንገደኞቹ ክፍል አየር ተጨምቆ ይገባለታል፤ ሆኖም እንደ ባሕር ጠረፍ አየር እስኪሆን ድረስ አይጨመቅም። ደንቡ የሚፈቅደው የመጨረሻው ልክ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለን አየር የሚመስል ነው። ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ባቄላና ሽምብራ ለማብሰል ከጠረፍ ሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀውም ስለዚሁ ነው። መምህራን ይህንን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ የሳይንስ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ጓዳ ይገባል። ነገር ግን 92 ዲግሪ የሆነ ውኃ ሥጋን ለማቃጠል ከበቂ በላይ ነው፤ አይሮፕላኑ በአየር ሞገድ ሲናወጥ የፈላ ውኃ የያዘ ዕቃ ቢገለበጥ ጉዳቱ ከባድ ይሆናል።

ዕቃው ስለ ምን ይታሰራል?

በማድ ቤቲቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ስፍራና መቀርቀሪያ አለው። ምግብ የተሞላ አንድ ትልቅ ጋሪ እስከ 100 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። የአሜሪካ የአይሮፕላን አሠራር ደንብ በአስቸጋሪ ማረፍ ጊዜ እያንዳንዱ ዕቃ ወደ ፊት የክብደቱን 9 እጥፍ፥ ወደ ታች 6 እጥፍ፥ ወደ ላይ 3 እጥፍ፥ ወደ ጎንም 3 እጥፍ የሚሆን ኃይል ችሎ ከስፍራው እንዳይነቀል ያዛል። የአውሮፓም ደንብ ከዚሁ ጋር ይስማማል። ሒሳቡን እናስብ፤ መቶ ኪሎ የሚመዝነው ጋሪ በዚያች ቅጽበት ዘጠኝ መቶ ኪሎ ያህል ሆኖ ይገፋል። ይህንን ጭነት የሚይዘው ከጣት የማይበልጥ የብረት መቀርቀሪያ ነው። መቀርቀሪያው የላላ፥ የተጣመመ ወይም በችኮላ ግማሽ ድረስ ብቻ የተዘጋ ቢሆን ጋሪው በመተላለፊያው ላይ ይለቀቃል፤ ሰውን ይጎዳል፤ የመውጫውንም በር ይዘጋል። ስለዚህ በብዙ አይሮፕላኖች አንዱ መቀርቀሪያ ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ በአንድ ሣጥን ላይ ሁለት መቀርቀሪያዎች ይደረጋሉ። ሁለተኛው እንደ ትርፍ ነገር እንዳይቈጠር መመርመር ያስፈልጋል፤ ትርፍ የሚመስለው አደጋው እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነውና።

የጋሪውም ፍሬን እንዲሁ ነው። አይሮፕላን አፍንጫውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አድርጎ ሲበር መተላለፊያው ቁልቁለት ይሆናል። ፍሬኑ የማይዝ ጋሪ በቁልቁለት እንደ ተለቀቀ የድንጋይ ናዳ ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ይበልጥ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሊፍት ነው። በአንዳንድ ትልልቅ አይሮፕላኖች ማድ ቤቱ ከመንገደኞቹ ክፍል በታች ተሠርቶ ሠራተኛውና ጋሪው በሊፍት የሚወጡና የሚወርዱ ነበሩ። በ1981 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ወደ ለንደን ይጓዝ በነበረ ዲ ሲ 10 አይሮፕላን ላይ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በዚህ ዓይነት የማድ ቤት ሊፍት ተይዛ ሕይወቷን አጥታለች። አይሮፕላኑ አልወደቀም፤ ሞተሩም አልተበላሸም፤ ክንፉም አልተሰበረም። ሰው የሞተው በማድ ቤት ዕቃ ነው። ሊፍት በሩ ክፍት ሳለ ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀስ የሚያግደው ማብሪያ በየጊዜው መፈተን እንዳለበት ይህ ያስተምረናል።

ስለ እሳት

በአይሮፕላን ምድጃ ውስጥ እሳት የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከምድጃው ክፋት ሳይሆን ከንጽሕና ጉድለት ነው። ካለፈው በረራ የቀረ የቅባት ጠብታ፥ የወደቀ የወረቀት ናፕኪን፥ ከምግቡ ጋር የገባ የፕላስቲክ ዕቃ ምድጃው ሲሞቅ ይጨሳል፤ ቀጥሎም ይቀጣጠላል። እንግዲህ በዚህ ነገር ላይ የጤና መኰንኑና የእሳት አደጋ ተከላካዩ ቃላቸው አንድ ነው። ምድጃን ማጽዳት ለዓይን ውበት ብቻ የሚደረግ ሳይሆን እሳትን ከሥሩ መንቀል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

የበረራ አስተናጋጆች ከምድጃ ጢስ ሲወጣ ያዩ እንደ ሆነ አስቀድመው የኤሌክትሪኩን ኃይል እንዲያቋርጡ፥ በሩንም ዘግተው እንዲያቆዩ ይማራሉ። በሩ በድንገት ቢከፈት አየር ይገባና እሳቱ ይበረታል። ይህ ትምህርት በቤታችን ላለው ምድጃም ይሠራል።

የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ወይም ብሬከር በራሱ ጊዜ ዘሎ ሲወጣ ዕቃው «ታምሜአለሁ» ማለቱ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ በግድ መልሶ መግፋት የታመመን ሰው አፉን ዘግቶ «ድነሃል» እንደ ማለት ይቈጠራል። የጽዳት ሣጥኑም ክዳን በሞላው መዘጋት አለበት። በ1973 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አጠገብ በደረሰ አደጋ ከአንድ አይሮፕላን መጸዳጃ ክፍል የተነሣ እሳት ለ123 ሰዎች መሞት ምክንያት ሆኗል። መርማሪዎች ስለ መነሻው ያሰቡት በመጸዳጃው የቆሻሻ ሣጥን የተጣለ የሲጋራ ቍራጭ ነው። ዛሬ ደንቡ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሣጥን ሁሉ በውስጡ እሳት ቢነሣ እሳቱን አፍኖ የሚያስቀር ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። ሣጥኑ ግን ይህን የሚፈጽመው ክዳኑ በስፕሪንግ ኃይል ተመልሶ የሚዘጋ ሲሆን ነው። ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ዋጋው የጥቂት ብር ይሆናል፤ የሚጠብቀው ሕይወት ግን ዋጋ የለውም።

ስለ ውኃና ስለ ፍሳሽ

«ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» ይባላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በጥር ወር ከለንደን ወደ ባንኮክ 365 ሰዎችን ጭኖ ይጓዝ የነበረ አንድ ቦይንግ 747 አይሮፕላን ለማረፍ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አብዛኛውን የኤሌክትሪክ ኃይሉን በድንገት አጣ። አብራሪዎቹ በባትሪ ኃይል ተረድተው በሰላም አሳረፉት። ምርመራ በተደረገ ጊዜ የተገኘው ምክንያት እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። የፊተኛው ማድ ቤት የፍሳሽ ቧንቧ ተዘግቶ ውኃው ወደ ወለሉ ፈሷል፤ ከወለሉም በታች ያለው የውኃ መከላከያ የተሰነጠቀ ስለ ነበረ ውኃው ሰርጎ የኤሌክትሪክ መቈጣጠሪያዎቹን አርሷል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። የተዘጋ ቧንቧ በቤታችን ቢሆን ሽታና ዝንብ ያመጣል፤ በአይሮፕላን ግን የ365 ሰዎችን ሕይወት በባትሪ ላይ ያንጠለጥላል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ቧንቧው ሳይዘጋ ማየት፥ ስንጥቁም ሳይሰፋ መድፈን።

የሚጠጣውም ውኃ እንዲሁ ምርመራ ይፈልጋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ327 የመንገደኛ አይሮፕላኖች ላይ የመጠጥ ውኃ ቢመረምር በ100 እጅ በ15 ያህሉ ኮሊፎርም የተባሉ ባክቴሪያዎች ተገኙ። የእነዚህ መገኘት ውኃው ሁሉ በሽታ ያመጣል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለቆሻሻ በር እንደ ተከፈተለት ያመለክታል። ከዚህ በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ልዩ ደንብ ወጣ። ደንቡ ጥበብ ያለበት ነው፤ ጋኑን በዓመት አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በመድኃኒት የሚያጥብ የአየር መንገድ ውኃውን በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያስመረምር ሲጠየቅ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጥበው ግን በየወሩ እንዲያስመረምር ይገደዳል። ይህም ማለት በማጠብ የሰነፈ በመመርመር ይካሳል። ለትምህርት ቤት ሮቶና ለመኖሪያ ቤት ጋንም ይህ ሐሳብ መልካም ምሳሌ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣውና ስለ ምግቡ

በ1975 እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር መጀመሪያ ከቶኪዮ ተነሥቶ በአላስካ በኩል ወደ አውሮፓ ይበር በነበረ አይሮፕላን ላይ ከ340 በላይ መንገደኞች ነበሩ። ቁርስ ከተበላ በኋላ 196 መንገደኞችና አንድ አስተናጋጅ በማስታወክ፥ በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ታመሙ፤ ከ140 በላይ የሚሆኑትም በኮፐንሃገን ሆስፒታል ገቡ። ምክንያቱ ሲመረመር በአላስካ ምግቡን ካዘጋጁት አንዱ ወጥ ቤት በጣቱ ላይ መግል የያዘ ቍስል ነበረበት። ከቍስሉ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ወደ አሳማ ሥጋው ተላለፈ። ምግቡም ለብዙ ሰዓት በቂ ቅዝቃዜ በሌለው ስፍራ ስለ ቆየ ባክቴሪያው ተራብቶ መርዙን አፈሰሰ።

ከዚህ ታሪክ ዋናው ትምህርት የሚከተለው ነው። ምግቡ በአይሮፕላኑ ምድጃ ሞቆ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሙቀቱ አላዳናቸውም። ስታፊሎኮከስ ራሱ በሙቀት ይሞታል፤ ያፈሰሰው መርዝ ግን በማሞቅ አይጠፋም። «ተሞቆአልና ምንም አይልም» የሚለው የብዙ ቤት እመቤቶች ሐሳብ በዚህ ይፈርሳል። የሚያድነው ንጹሕ እጅና የማያቋርጥ ቅዝቃዜ ነው። ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች፥ ትኩስ ምግብም ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይቀመጥ። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልክ የባክቴሪያ መዋለጃ ነው።

በዚያ በረራ አብራሪዎቹ ያን ምግብ ስላልበሉ አልታመሙም። ቢታመሙ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ በብዙ የአየር መንገዶች ዋናው አብራሪና ረዳቱ አንድ ዓይነት ምግብ እንዳይበሉ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ሌላም እንጨምር። በ1991 እ.ኤ.አ. በፔሩ የኮሌራ ወረርሽኝ ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት ወር ከቡዌኖስ አይሬስ ተነሥቶ በሊማ በኩል ሎስ አንጀለስ ከደረሰ አይሮፕላን 75 መንገደኞች ኮሌራ ታመሙ፤ አንዱም ሞተ። በምርመራው የተጠረጠረው በሊማ የተጫነው ቀዝቃዛ የባሕር እንስሳት ሰላጣ ነው። በአንድ ከተማ ማድ ቤት የተፈጸመ ጉድለት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ ክፍለ ዓለም ተሻገረ። በ2007 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ የአይሮፕላን ጣቢያዎች የመጠጥ ውኃና የበረራ ምግብ ማዘጋጃ ስፍራዎች የሚመረመሩበትን ሥርዓት እንዲያቋቁሙ መንግሥታትን ያስገደደው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው።

ምርመራው እንዴት ይፈጸማል?

ምርመራው በአንድ ሰው ላይ የተጣለ አይደለም፤ እንደ አጥር በየዙሪያው የተሠራ ነው።

አንደኛው ዙር በፋብሪካ ይፈጸማል። ምድጃውም ሆነ ጋሪው ወደ አይሮፕላን ከመግባቱ በፊት ጭነትን የሚችል፥ እሳትንም የማያባብስ መሆኑ ተፈትኖ ይፈቀዳል።

ሁለተኛው ዙር በጥገና ክፍል ነው። ፈቃድ ያላቸው ቴክኒሻኖች በተወሰነ የበረራ ሰዓትና በተወሰነ ወራት የኤሌክትሪክ ሽቦውን፥ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን የሚያቋርጠውን መሣሪያ፥ የውኃ ማፍያውን የግፊት ማስተንፈሻ፥ የቧንቧውን መገጣጠሚያና የመቀርቀሪያውን ጥንካሬ ይመረምራሉ፤ የመረመሩትንም በመዝገብ ላይ ይፈርማሉ።

ሦስተኛው ዙር ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የሚደረገው የአስተናጋጆች ምርመራ ነው። ምድጃው ባዶና ንጹሕ መሆኑን፥ መቀርቀሪያው ሁሉ መግጠሙን፥ ፍሬኑ መያዙን፥ የቆሻሻው ሣጥን ክዳን መዘጋቱን፥ የእሳት ማጥፊያው በስፍራው መኖሩን በዓይናቸው አይተው በእጃቸው ይነካሉ። «በእጃቸው ይነካሉ» ያልነው በከንቱ አይደለም፤ የተቀረቀረ የሚመስል መቀርቀሪያ ሲጐትቱት የሚከፈት ብዙ ነውና።

አራተኛው ዙር የመንግሥት ተቈጣጣሪ ነው። በአገራችን ይህ የአቪዬሽን ቍጥጥር የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ተግባር ነው። ተቈጣጣሪው ዕቃውንም ይመለከታል፤ መዝገቡንም ያነባል።

አንድ ዕቃ ተበላሽቶ ቢገኝስ? አይሮፕላኑ ሁሉ ይቁም ማለት አይደለም። ያለ እርሱ ለመብረር የሚፈቀድ ዕቃ ከሆነ ኃይሉ ይቋረጣል፤ «አይሠራም» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ በመዝገብም ይጻፋል፤ በተወሰነለትም ቀን ውስጥ ይጠገናል። መንገደኛው በዚያን ቀን ቡና ሳይጠጣ ይሄድ ይሆናል። ነገር ግን በሰላም ይሄዳል።

ስለ ምን በግዴታ?

«ሠራተኞቹ ታማኞች ከሆኑ ግዴታ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ግዴታው ታማኝነትን የሚጠራጠር ሳይሆን የሰውን ባሕርይ የሚያውቅ ነው። ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፥ ጉድለት በአንድ ቀን አይመጣም። መቀርቀሪያ በየዕለቱ በፀጉር ስፋት እየላላ ይሄዳል፤ በየዕለቱ የሚያየው ሰው ለውጡን አያስተውልም። በልክና በመዝገብ የሚመረምር ግን ያስተውላል።

ሁለተኛው፥ ችኮላ ብርቱ ፈታኝ ነው። አይሮፕላን በምድር በቆመባት በእያንዳንዷ ደቂቃ ገንዘብ ይጠፋል፤ መንገደኛው ያጕረመርማል፤ የሚቀጥለው በረራም ይጠብቃል። በእንዲህ ያለ ሰዓት በበጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ምርመራ ሁሉ ወደ ነገ ይተላለፋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በሰማይ የፈሰሰውን ግን ሁልጊዜ መልቀም አይቻልም። ደንቡ ለትንሿ አስተናጋጅ ከትልቁ አለቃ ፊት ቆማ «ይህ ጋሪ አይያዝምና አንሄድም» ለማለት የሚያስችላትን ሥልጣን ይሰጣታል። የግዴታ ምርመራ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

ሦስተኛው፥ ቸል ያለው ሰውና የሚጎዳው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ምድጃውን ሳያጸዳ የሄደው ሠራተኛ በማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ጢሱን የሚተነፍሰው ግን ስሙን እንኳ የማያውቀው ሕፃን ነው። ሌላው ሰው በእጁ ስለ ያዘው ሕይወት ሕግ መኖሩ የተገባ ነው።

ይህ ሥርዓት ከሰማይ ወደ ምድርም ወርዶ ጠቅሞናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ለጠፈርተኞች ንጹሕ ምግብ ለማዘጋጀት ሲደክም፥ ፒልስበሪ ከተባለው የምግብ ኩባንያ ጋር ሆኖ ሐሰፕ የተባለውን የአደጋ ነጥቦች መቈጣጠሪያ ዘዴ አስገኘ። የዘዴው መሠረት ምግቡ ካለቀ በኋላ መመርመር ሳይሆን፥ ሊበላሽ የሚችልበትን ነጥብ አስቀድሞ አውቆ በዚያ ላይ መጠበቅ ነው። ዛሬ ይህ ዘዴ በበረራ ምግብ ማዘጋጃዎችና በብዙ የምግብ ፋብሪካዎች ይሠራበታል።

የመንገደኛው ድርሻ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ወዲህ፥ በአይሮፕላን መጓዝ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ መንገደኛው ራሱ የሚከተሉትን ቢጠብቅ የምርመራው ተካፋይ ይሆናል።

አንደኛ፤ አይሮፕላኑ ሊነሣ ወይም ሊያርፍ ሲል አስተናጋጁ ዕቃ ሲሰበስብና ጠረጴዛ እንዲታጠፍ ሲጠይቅ ሳያጕረመርም ይፈጽም።

ሁለተኛ፤ በማድ ቤቱ አጠገብ ቆሞ አይጫወት፤ የራሱንም ጓዝ በዚያ አያኑር።

ሦስተኛ፤ ጋሪ ሲያልፍ ክንዱንና እግሩን፥ የልጁንም እጅ ከመተላለፊያው ይሰብስብ።

አራተኛ፤ ትኩስ መጠጥ በልጅ ራስ ላይ አሳልፎ አይቀበል። ቃጠሎ ቢደርስ የተቃጠለውን ስፍራ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ማብረድ እንጂ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጎጂ ነው።

አምስተኛ፤ ጢስ ወይም እንግዳ ሽታ ቢሸትተው፥ ውኃም በወለሉ ሲፈስ ቢያይ «እኔን ምን አገባኝ» ሳይል ወዲያው ለአስተናጋጁ ይንገር።

ስድስተኛ፤ በረራው በዕቃ ምርመራ ምክንያት ሲዘገይ ይታገሥ። የዘገየበትን ሰዓት በቍጣ የሚቈጥር መንገደኛ ሳያውቀው መርማሪውን «ቸል በል» እያለ ይገፋዋልና።

ለመምህራን

በአይሮፕላን ማድ ቤት ላይ ያየነው ሁሉ በትምህርት ቤት ማድ ቤትና በሻይ ቤት፥ በየቤታችንም ጓዳ ይሠራል። መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው በትምህርት ቤታቸው እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ቢጠይቁ መልካም ነው። የውኃው ሮቶ መጨረሻ የታጠበው በስንት ቀን ነው፤ የተጻፈስ መዝገብ አለን? ምግብ የምታቀርበው ሴት እጇ ላይ ቍስል ቢወጣ ደመወዟ ሳይቈረጥ የምታርፍበት ሥርዓት አለን? ቀድሞ የተበሰለው ምግብ እስኪበላ ድረስ በምን ያህል ሙቀት ይቆያል? የፍሳሹ ቧንቧ ወዴት ይሄዳል? እሳት ቢነሣ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ማን ነው፤ ማቋረጫውስ የት እንዳለ ያውቃልን?

በተለይ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ እንዲታሰብበት እንለምናለን። እጁ የቈሰለ ሠራተኛ ቍስሉን የሚደብቀው አብዛኛውን ጊዜ እንጀራውን ስለሚፈራ ነው። ቍስሉን የገለጠ ሰው የሚቀጣ ከሆነ ቍስል ሁሉ ይደበቃል፤ የላላ መቀርቀሪያ ያመለከተ ሰው የሚነቀፍ ከሆነም የላላው ሁሉ «ደኅና ነው» ተብሎ ይጻፋል። ምርመራ ፍሬ የሚሰጠው እውነት የተናገረ ሰው የማይጎዳበት መሥሪያ ቤት ሲኖር ነው።

እንግዲህ አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ልጆች ቀና ብለው ሲያዩት ስለ ሞተሩና ስለ ክንፉ ይጠይቁ ይሆናል። መምህሩ ይህን ካስረዳ በኋላ ስለ ትንሿም መቀርቀሪያ ይንገራቸው። በዚያ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በሰላም የሚያደርሳቸው ታላቁ ሞተር ብቻ አይደለም፤ ከመነሣታቸው በፊት አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ ምድጃውን አይቶ፥ ቧንቧውን ፈትሾ፥ መቀርቀሪያውን በእጁ ጐትቶ፥ ስሙን በመዝገቡ ላይ ስለ ፈረመ ጭምር ነው።